አንድ ሰማይ፣ ብዙ አስሊ፤ ከራስ ኤል ፊል የከዋክብት ልክ እስከ አማተሮች የጋራ ፎቶግራፍ

መግቢያ

መተማ በታሪካችን የምትታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ በንግድና በጦርነት። ከጎንደር ወደ ስናር የሚወርደው የነጋዴ መንገድ በእርሷ በኩል ያልፍ ነበር፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጦር ጋር ገጥመው በደረሰባቸው ቁስል ሕይወታቸው ያለፈው በዚያው ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማንሣት የፈለግነው ግን ሦስተኛውን ነገር ነው፤ ይኸውም ሰማይዋን ነው። የመተማና የምዕራብ ጎንደር ቆላ በካርታ ላይ የተቀመጠው፣ ኋላም ለሁለት መንግሥታት የተከፈለው በከዋክብትና በፀሐይ ልክ ነውና፣ የሰማዩ ታሪክ ከምድሩ ታሪክ የተለየ አይደለም።

በዛሬው ጊዜ በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ፣ የሥነ ፈለክ ሥራ መተዳደሪያቸው ያልሆነ ሰዎች አንድን የሰማይ ክፍል ፎቶግራፍ እያነሡ ጥሬውን ምስል ለሌሎች ይሰጣሉ። ተቀባዮቹም ያንኑ አንድ ምስል እያንዳንዳቸው በራሳቸው መንገድ አጥርተው ያወጡታል፤ ከዚያም ውጤቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ይመረምሩታል። ይህ ልማድ አዲስ ቢመስልም ሥሩ ጥንታዊ ነው። ጥያቄውም፣ አንድ ሰው ያየውንና የለካውን ነገር ሌላው ሰው ራሱ ደግሞ ሊያሰላው ሲችልና ሳይችል ሲቀር ምን ይሆናል? የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ከራሳችን ምድር የሚገኘውን መልስ በቅደም ተከተል ለማቅረብ እንሞክራለን። «ዓ.ም.» ተብለው ከተለዩት በቀር የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ብሩስ በራስ ኤል ፊል

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው በ1770 ነው። የመንግሥት መልእክተኛ ወይም የአካዳሚ አባል ሆኖ አልመጣም፤ በራሱ ገንዘብና በራሱ ፍላጎት የተነሣ ሰው ነበር። ከያዛቸው መሣሪያዎች ዋናው የከዋክብትንና የፀሐይን ከፍታ የሚለካበት ከናስ የተሠራ ታላቅ ኳድራንት ሲሆን፣ ይህንም ያገኘው ቀድሞ የነበሩት መሣሪያዎች በመርከብ አደጋ ከጠፉበት በኋላ ከፈረንሣይ ንጉሥ ከሉዊ 15ኛ ነው። በዘመነ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊ የራስ ኤል ፊል ገዥነት ተሰጠው። ራስ ኤል ፊል የሚባለው ዛሬ መተማና አካባቢዋ የምንለው ቆላ ነው። ብሩስ ግን ሹመቱን በስም ይዞ፣ ሥራውን ያሲን የተባለ እስላም እንዲያካሂደው አደረገ።

በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ አገሩ ሲመለስ በዚሁ ቆላ በኩል ወረደ፤ በራስ ኤል ፊልም በሕመም ምክንያት ብዙ ሳምንት ቆየ። በዚያም የቦታውን ኬክሮስ ለካ። አሠራሩ በቃል ሲነገር ቀላል ነው። ፀሐይ ወይም አንድ የታወቀ ኮከብ በሰማይ አናት አቅጣጫ ሲያልፍ ከፍታው ይለካል፤ ኮከቡ ከሰማይ ወገብ ምን ያህል እንደሚርቅ ከሠንጠረዥ ይነበባል፤ ሁለቱን በማስተያየት የቦታው ኬክሮስ ይገኛል። መተማ ላይ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 13 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ የሚታየው ቦታው በ13ኛው ዲግሪ አጠገብ ስለሆነ ነው።

ኬንትሮስን ማግኘት ግን ከዚህ የከበደ ነው። ምድር በ4 ደቂቃ አንድ ዲግሪ ትዞራለችና ኬንትሮስ ማለት የሰዓት ልዩነት ማለት ነው። መተማ ከግሪንዊች በስተ ምሥራቅ 36 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ ገደማ ላይ ስለምትገኝ የራሷ የፀሐይ ሰዓት ከግሪንዊች በ2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ይቀድማል። ይህን ለማወቅ በሁለቱ ቦታ በአንድ ቅጽበት የሚታይ ምልክት ያስፈልጋል፤ የጨረቃ ግርዶሽ ወይም የጁፒተር ጨረቆች መሰወር እንደዚህ ያለ ምልክት ነው። የአንድ ደቂቃ የሰዓት ስሕተት በዚህ ኬክሮስ ላይ ቦታውን 27 ኪሎ ሜትር ያህል ያዛውረዋል። ስለዚህ ኬንትሮስን ብቻውን የሚያገኝ ሰው የለም፤ አንዱ በራስ ኤል ፊል፣ ሌላው በፓሪስ ወይም በግሪንዊች ሆነው ያንኑ ሰማይ ማየት አለባቸው። የሰማይ መረጃ ከመጀመሪያውም የጋራ ነበር የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ብሩስ ከራስ ኤል ፊል አልፎ ቴዋ በደረሰ ጊዜ የሆነው ነገር የዚህን ተቃራኒ ያሳያል። የቦታው ገዥ ሼክ ፊዴሌ ገንዘብ እየጠየቀ መንገድ ስለ ከለከለው፣ ብሩስ ሚያዝያ 17 ቀን 1772 ጨረቃ እንደምትጨልም አስቀድሞ ነገረው፤ በዚያም ቀን ግርዶሹ እንደታየና ሼኩ እንደደነገጠ በመጽሐፉ ተርኳል። ብሩስ ይህን ያወቀው በአውሮፓ ሰዎች ካሰሉት ሠንጠረዥ ነው። ሼኩ ሠንጠረዡን አላየም፣ ሊያሰላውም አይችልም ነበር። ያው አንድ ዕውቀት ሠንጠረዡን ለያዘው ሰው ሒሳብ፣ ላልያዘው ሰው ማስፈራሪያ ሆነ ማለት ነው።

ዕድሉ ዞሮ በብሩስ ላይም ደረሰ። በ1774 ለንደን ገብቶ ያየውን ሲናገር ብዙ ሰው አላመነውም፤ በ1790 መጽሐፉን በ5 ቅጽ ሲያሳትምም ጥርጣሬው አልቀረለትም። ምስክር የሌለው መንገደኛ ነበርና ወሬው በቃሉ ብቻ ቆመ። የኬክሮስና የኬንትሮስ ቍጥሮቹ ግን ከወሬው የተለየ ዕድል ነበራቸው፤ ከእርሱ በኋላ የመጣ ሁሉ በዚያው ቦታ ቆሞ ያንኑ ኮከብ ሊለካ ይችላልና። ሰውየውን ያላመኑት ሰዎች ቍጥሩን መመርመር ይችሉ ነበር። በኑብያ በረሃ ግመሎቹ ሲያልቁ ኳድራንቱንና ወረቀቱን ጥሎ ሕይወቱን ካዳነ በኋላ፣ ከአስዋን ተመልሶ ሄዶ ያን ዕቃ ማንሣቱ ዋጋውን ስላወቀ ይመስለናል።

2. ዳባዲና ራዶ

አንትዋን ዳባዲ በ1810 በደብሊን ተወልዶ በፈረንሣይ ያደገ፣ እንደ ብሩስ በራሱ ሀብት የሚሠራ ሰው ነው። ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በ1838 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ አሥር ዓመት ያህል ቆየ። ቴዎዶሊቱን ይዞ ከተራራ ተራራ እየወጣ በዙሪያው የሚታየውን ጫፍ ሁሉ አንግል ይለካ፣ የፀሐይንም አቅጣጫ እየያዘ አንዱን ዙር ከሌላው ጋር ያያይዝ ነበር። መሠረታዊ መሥመሮችን በሰንሰለት ለመለካት ጊዜና ፈቃድ ስላልነበረው ይህን ፈጣን ዘዴ ራሱ አበጀ። የተራራውን ስም የሚነግረው፣ መንገዱን የሚያሳየው የአገሩ ሰው ነበር። እንግዲህ በካርታው ላይ ያለው አንግል የዳባዲ ቢሆንም ስሙ የገበሬውና የመሪው ነው።

ዳባዲም እንደ ብሩስ ተጠራጣሪ አላጣም። በ1840ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ የነበረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ፣ ዳባዲ ከፋ ድረስ ሄጃለሁ ማለቱ ሐሰት ነው ብሎ በ1850 ጽሑፍ አሳተመ። ክርክሩ እጅግ ከመካረሩ የተነሣ ቢክ ከፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ያገኘውን የወርቅ ሜዳልያ መለሰ።

ለዚህ ክስ የሚሆነው መልስ የመጣው በቃል ሙግት አይደለም። ዳባዲ የለካቸውን አንግሎች ሰብስቦ በፓሪስ ለሚኖረው የሥነ ፈለክ ሊቅ ለሩዶልፍ ራዶ ሰጠ። ራዶ ኢትዮጵያን አላያትም፤ የተሰጠውን ቍጥር እንደገና አስልቶ፣ ከቦታ ቦታ አስተያይቶ፣ የማይስማማውን ለይቶ አዘጋጀው። ሥራው በ1873 «ጂኦዴዚ ዴትዮጲ» ተብሎ ሲታተም በመጽሐፉ ርእስ ላይ የለካው ዳባዲ፣ ያረጋገጠውና ያዘጋጀው ራዶ መሆናቸው ተጻፈ። በአንድ ርእስ ላይ ሁለት ስም፣ ለሁለት የተለያየ ሥራ። ልኩ ታትሞ ስለወጣ የዳባዲን ቃል ያልተቀበለ ሰው እርሳስና ሎጋሪዝም ይዞ መከራከር ቻለ።

አንድ ተራራ ከሦስት ወይም ከአራት ቦታ ሲታይ መሥመሮቹ በአንድ ነጥብ ላይ ካልተገናኙ ስሕተት እንዳለ ይታወቃል። ይህን የሚያውቀው ግን አንግሎቹ በእጁ ያሉት ሰው ነው። የተጠናቀቀ ካርታ ብቻ የተሰጠው ሰው ውብ መሥመር ያያል እንጂ መሥመሩ የት እንደ ተጣመመ አያይም።

3. የመተማ መሥመር

አሁን ወደ መተማ እንመለስ። ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መልእክተኛ ጆን ሌን ሐሪንግተን ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (1902) አዲስ አበባ ላይ ውል ተፈራረሙ። ውሉ በኢትዮጵያና በሱዳን መካከል ያለውን ወሰን ከኡም ሐጀር ወደ ገላባት፣ ከዚያም ወደ ዓባይ፣ ወደ ባሮ፣ ወደ ፒቦርና አኮቦ እያለ እስከ 6ኛው የሰሜን ኬክሮስና 35ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ መገናኛ ድረስ ይቈጥራል። ወሰኑም በቀይ መሥመር ተሠርቶ በሁለት ቅጂ ከውሉ ጋር ተያያዘ። ውሉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፏል። የውሉ ሁለተኛ አንቀጽ ደግሞ ወሰኑን በምድር ላይ የሚተክለው ሁለቱ ወገኖች የሚሰይሙት የጋራ ኮሚሲዮን ነው ይላል።

በ1903 ግን ወሰኑን በምድር ላይ የተከለው የእንግሊዝ መሐንዲስ ጦር መኰንን ሜጀር ቻርልስ ግዊን ነበር። ኢትዮጵያውያን ተወካዮች በሥራው አልተገኙም። ግዊን አገሩን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ከውሉ በፊት በነበሩት ዓመታት ቀያሽ ሆኖ በዚሁ ጠረፍ ተዘዋውሯል፤ በሙያውም የሚታማ አልነበረም። ኢትዮጵያ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ያነሣችው ተቃውሞም ዋና መሠረቱ ሰውየው በእኛ በኩል ማንም በሌለበት ብቻውን መሥራቱ ነው።

ከላይ ካነሣነው ነገር ጋር ሲተያይ ጉዳዩ ግልጽ ይሆናል። አንድን ኬንትሮስ በምድር ላይ ለማስቀመጥ የአንድ ደቂቃ ሰዓት ስሕተት 27 ኪሎ ሜትር፣ የ4 ሴኮንድ ስሕተት ደግሞ 1.8 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን የሚፈትነው ሁለተኛ ሰው፣ ሁለተኛ መሣሪያና ሁለተኛ ማስታወሻ ደብተር ነው። ውሉ የጋራ ኮሚሲዮን ያለውም ስለዚህ ሊሆን ይገባል። የጋራ ኮሚሲዮን ማለት በሌላ አነጋገር ያንኑ ኮከብ ሁለት ሰው ይለካው፣ ሁለቱም ያስሉት፣ ልዩነታቸውንም በዚያው በድንኳኑ ውስጥ ይጨርሱት ማለት ነው። ያ ሳይሆን ሲቀር በድንኳን ውስጥ በአንድ ሌሊት ሊያልቅ ይችል የነበረው ክርክር ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

እንደተባለውም ተረፈ። በ1972 በኢትዮጵያና በሱዳን መንግሥታት መካከል በተደረገ የማስታወሻ ልውውጥ የግዊን መሥመር ለድንበሩ መነሻ ሆኖ ተወሰደ፤ በምድር ላይ ዳግመኛ የመትከሉ ሥራ ግን ሳይፈጸም ቆየ። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮም በተከዜና በአንገረብ መካከል ባለው በአልፋሽጋ የእርሻ ምድር ላይ የደረሰው ግጭት ሰሊጥና ጥጥ የሚያመርተውን የሁለቱን ወገን ገበሬ ጎድቷል። የዚህ ሁሉ ምክንያት ልክ ብቻ ነው ማለት የዋህነት ይሆናል፤ መሬቱ ለምነት አለው፤ የመንግሥታት ጥቅምም አለበት። ሆኖም ሁለቱም ወገን በጋራ ያላሰሉት ቍጥር ለሁለቱም እኩል ማስረጃ ሊሆን እንዳልቻለ ከዚህ እንረዳለን።

4. የመስታወት ፕሌትና የአማተሮች ድርሻ

የሰማይ ልክ በዓይንና በኳድራንት መወሰዱ ቀርቶ በፎቶግራፍ መሠራት የጀመረው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ከዚህም ሥራ ብዙውን የጀመሩት አማተሮች ናቸው። አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ድሬፐር መስከረም 30 ቀን 1880 የኦርዮንን ኔቡላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶግራፍ አነሣ፤ ፕሌቱ ለብርሃኑ የተከፈተው ለ50 ደቂቃ ያህል ነበር። መተዳደሪያው የፍሳሽ መሐንዲስነት የነበረው እንግሊዛዊ አንድሩ ኤንስሊ ኮመን በ1883 ያንኑ ኔቡላ ከዚያ አብልጦ አነሣ። ሕንፃ ሠሪው አይዛክ ሮበርትስ በ1888 መጨረሻ የአንድሮሜዳን ክብ ጥምዝማዛ መልክ በፕሌት ላይ አወጣ፤ ዓይን በቴሌስኮፕ ውስጥ ሲመለከት ጉም ብቻ ያይ የነበረውን ማለት ነው።

ፕሌቱ ያመጣው ትልቁ ለውጥ ግን ውበት አይደለም። ዓይን ያየውን ሌላው ሰው የሚያውቀው በሥዕልና በቃል ብቻ ነው። ፕሌት ግን ተቀምጦ ይቈያል፤ ሌላ ሰው፣ በሌላ ዘመን፣ በሌላ ጥያቄ ሊለካው ይችላል። በ1887 በፓሪስ የተሰበሰቡ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት መላውን ሰማይ ተከፋፍለው በአንድ ዓይነት መሣሪያ ፎቶግራፍ ለማንሣት የተስማሙት በዚህ መንፈስ ነው። ሃያ ያህል ጣቢያዎች ተካፈሉበት። ካርታው እንደታሰበው ሳይፈጸም ቢቀርም የከዋክብቱ ካታሎግ 4.6 ሚሊዮን ከዋክብት ይዞ ወጣ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ዳባዲን መልሰን እናገኘዋለን። ከኢትዮጵያ ከተመለሰ በኋላ በሄንዳይ፣ በባሕር ዳርቻ፣ ግድግዳው በአማርኛ ጽሑፍና በኢትዮጵያ ትዕይንት ያጌጠ ቤተ መንግሥት የሚመስል ቤት ሠራ፤ በውስጡም የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ አቋቋመ። ቤቱንም ለፈረንሣይ የሳይንስ አካዳሚ ሲሰጥ 500,000 ከዋክብትን የያዘ ካታሎግ እንዲሠራበት አዘዘ። ጣቢያውም እስከ 1975 ሲሠራ ለዚሁ የፎቶግራፍ ካታሎግ መነሻ የሚሆኑ ከዋክብትን ቦታ ለካ። በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የተጀመረ የልክ ፍቅር በሰማይ ካታሎግ ተፈጸመ ለማለት ያስደፍራል።

የእነዚያ ፕሌቶች ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ ያላሰቡትን አገልግሎት ሰጠ። በ1989 የተተኰሰው ሂፓርኮስ የተባለው ሳተላይት የከዋክብትን ቦታ እጅግ በጠራ ልክ ከሰበሰበ በኋላ፣ አሮጌው የፕሌት ልክ እንደገና ተሰልቶ ከአዲሱ ጋር ተነጻጸረ። በሁለቱ መካከል ባለፈው ዘመን እያንዳንዱ ኮከብ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ታወቀና በ2000 የወጣው ቲኮ 2 የተባለው ካታሎግ የ2.5 ሚሊዮን ከዋክብት እንቅስቃሴ ያዘ። በ1890ዎቹ ፕሌቱን ያነሣ ሰው ይህን ሊያስብ አይችልም ነበር። የእርሱ ድርሻ ጥሬውን ነገር ሳያበላሽ ማቆየት ብቻ ነበር፤ እርሱም በቃ።

5. የዛሬው አሠራር

ዛሬ ፕሌቱን የኤሌክትሮኒክ ካሜራ ተክቶታል። አንድ ደብዛዛ ኔቡላ ወይም ጋላክሲ የሚያነሣ አማተር አንድ ፎቶግራፍ አንሥቶ አይተውም፤ በአስርና በመቶ የሚቈጠሩ ምስሎችን አንሥቶ ያነባብራቸዋል። የኮከቡ ብርሃን በእያንዳንዱ ምስል በአንድ ቦታ ይደጋገማል፤ የካሜራው ብጥብጥ ግን በየጊዜው ቦታ ይለዋውጣል። ስለዚህ 16 ምስል ሲነባበር ምልክቱ ከብጥብጡ አንጻር 4 እጥፍ፣ 100 ሲነባበር 10 እጥፍ ይጠራል። ልዩ ልዩ ሰዎች ያነሡት ምስል በአንድነት ሊነባበር ስለሚችልም፣ አንድ ሰው በአንድ ዓመት የማይደርስበትን የሰዓት ብዛት ብዙ ሰዎች በጥቂት ሌሊት ያገኙታል።

ሁለተኛው የጋራ ሥራ አንዱን መረጃ ብዙ ሰው ማጥራቱ ነው። ከዋናው ምስል ላይ የካሜራው የሙቀት ጥላና የመስታወቱ አቧራ ይቀነሳል፤ ደብዛዛው ክፍል ከፍ ይደረጋል፤ ቀለሙ ይስተካከላል። በእያንዳንዱ እርምጃ የሰው ፍርድ አለበት። አንዱ ሰው ደብዛዛውን ጉም ለማውጣት ብሎ የከዋክብቱን ቀለም ያጠፋል፤ ሌላው ቀለሙን ጠብቆ ጉሙን ይተዋል፤ ሦስተኛው ምስሉን ለማሳመር ሲል በሰማይ የሌለ ክር ይፈጥራል። አሥር ሰው ያንኑ ጥሬ ምስል አጥርቶ በዘጠኙ የሌለ ነገር በአንዱ ብቻ ቢገኝ፣ ያ ነገር ከሰማይ የመጣ ሳይሆን ከአጥሪው እጅ የመጣ መሆኑ ይጠረጠራል። አሥሩም ላይ ቢገኝ ደግሞ መመርመር ይገባዋል።

የዚህ አሠራር ታላቅ ምሳሌ በአንድሮሜዳ አጠገብ የተገኘው ቅስት ነው። ያን ሴንቲ፣ ማርሴል ድሬክስለርና ሀቪየ ስትሮትነር የተባሉ አማተሮች ከ100 ሰዓት በላይ የተነሣ ምስል ሲያጠሩ፣ በዚያ ጋላክሲ አጠገብ ከኦክሲጅን ብርሃን የሆነ ሰፊና እጅግ ደብዛዛ ቅስት አዩ። ከሮበርትስ ፕሌት ጀምሮ በሺሕ የሚቈጠር ሰው ባነሣው የሰማይ ክፍል ውስጥ ማንም ያላየው ነገር ስለ ሆነ፣ መጀመሪያ ራሳቸው የካሜራ ስሕተት እንዳይሆን መጠርጠር ነበረባቸው። ሌሎች አማተሮች በሌላ መሣሪያ፣ በሌላ ቦታ ሆነው ያንኑ ሲያገኙ ከሙያው ሊቃውንት ጋር በመሆን በ2023 አሳተሙት። ቅስቱ ከጋላክሲው ጋር የተያያዘ ወይም ከእኛው ጋላክሲ ውስጥ ያለ ስለ መሆኑ ክርክር ቢኖርም መኖሩ ግን አላከራከረም። ልዩነቱን ልብ እንበል፤ ብሩስ ለመታመን ዕድሜውን ሙሉ ጠበቀ፤ እነዚህ ሦስት ሰዎች ግን ምልከታቸው በሌሎች ተደግሞ ስለ ታየ በቃላቸው ላይ መቆም አላስፈለጋቸውም።

6. በእኛ አገር

ይህ ልማድ ለኢትዮጵያ ባዕድ ነው የሚል ቢኖር ወደ ባሕረ ሐሳብ እንመራዋለን። በባሕረ ሐሳብ መነሻው ቍጥር ለሁሉም አንድ ነው፤ የአሠራሩ ደንብ ለሁሉም ግልጽ ነው፤ በጎንደር ያለው ደብተራና በሸዋ ያለው መሪጌታ ሳይገናኙ አስልተው አንድ ፋሲካ ያገኛሉ። በውስጡም መፈተኛ አለው። ለምሳሌ የ2012 ዓ.ም.ን ብንወስድ፣ 5,500 ሲደመርበት 7,512 ይሆናል፤ በ19 ሲገደፍ 7 ይቀራል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 6 ነው። 6 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 6 ይሆናል፤ 6 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 24 ይሆናል። የሁለቱ ድምር 30 ካልሆነ አስሊው ተሳስቷል። ሊቁ ተማሪውን እመነኝ አይለውም፤ ደምርና እይ ይለዋል።

በዘመናዊው መንገድም ቢሆን ባዶ እጃችንን አይደለንም። በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ በ1957 እና በ1958፣ በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዌን የጂኦፊዚክስ ጣቢያ አቋቋሙ። የዚያ ዓመት ደንብ እያንዳንዱ አገር የለካውን ለዓለም የመረጃ ማዕከሎች እንዲያካፍል ነበርና፣ የምድር መግነጢስ ወገብ በአጠገቧ የሚያልፍባት ኢትዮጵያ የበኩሏን ሰጠች። በ2004 የኢትዮጵያ የስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ተቋቋመ፤ ኋላም በእንጦጦ ተራራ ላይ የመስታወታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተከሉ። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለአገሮች በሰጠው ዕድል ኢትዮጵያ አንዱን ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያው የሚዞረውን ፕላኔት «አቦል» ብላ ሰየመች። ኮከቡ የሚገኘውም በዚያው በአንድሮሜዳ ክፍል ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ግርዶሽ በላሊበላ በኩል ሲያልፍ ደግሞ ብዙ ሕዝብ ያንኑ ፀሐይ ከየቦታው ፎቶግራፍ አነሣ። እነዚያ ምስሎች የተነሡበት ቦታና ሴኮንድ ተጽፎ ቢሰበሰቡ ኖሮ ብሩስ ይመኘው የነበረውን ዓይነት የጋራ መዝገብ ይሆኑ ነበር።

የመተማና የቋራ ቆላ ለዚህ ሥራ የተመቸ ሰማይ አለው። ክረምቱ ካለፈና የእርሻ ቃጠሎው ጢስ ከጠራ በኋላ ሌሊቱ ጨለማ ነው፤ ከተማው ጥቂት፣ ብርሃኑም ጥቂት ነው። በ13ኛው ዲግሪ ላይ በመሆኑ የሰሜን ኮከብም የደቡብ መስቀልም በአንድ ሰማይ ይታያሉ፤ የኦርዮን ኔቡላ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ወደ አናት ይጠጋል፤ አንድሮሜዳም ከ60 ዲግሪ በላይ ከፍ ትላለች። በሰሜን አውሮፓ ያለ አማተር ደቡቡን፣ በደቡብ አፍሪካ ያለው ሰሜኑን ያጣል፤ መተማ ያለው ሰው ግን ከሁለቱም ጋር ምስሉን ሊያነባብር ይችላል።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ታሪክ አንድ ነገር ያስረዳል። ብሩስ ቃሉ ባይታመንም ቍጥሩ ሊመረመር ቻለ፤ ዳባዲ አንግሎቹን ለራዶ ሰጥቶ ሥራውን ከሙግት አዳነ፤ የመስታወት ፕሌቶች ከመቶ ዓመት በኋላ ላልታሰበ ጥያቄ መልስ ሆኑ፤ የአንድሮሜዳ ቅስት በብዙ እጅ ስለ ታየ ጸና። በእነዚህ መካከል የ1903ቱ የመተማ መሥመር ብቻውን ቆሟል፤ የጋራ ይሆናል ተብሎ የተዋዋሉበት ልክ በአንድ እጅ ተሠራ፤ ክርክሩም እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

ስለዚህ በገንዳ ውኃ ወይም በመተማ ዮሐንስ ትምህርት ቤት ያለ ተማሪ በአንድ የበጋ ሌሊት የሰሜን ኮከብን ከፍታ በራሱ ለክቶ 13 ዲግሪ ቢያገኝ፣ ጓደኛውም ለብቻው ለክቶ ያንኑ ቢያገኝ፣ ትንሽ ነገር አደረጉ አንልም። ሼክ ፊዴሌ ያጣውን ሠንጠረዥ በእጃቸው አስገቡ ማለት ነው። ወደ ፊት በዚያ ምድር ላይ አንድ ልክ ሲወሰድ፣ እኛም እናስላው የሚሉና ማስላት የሚችሉ ሰዎች በድንኳኑ ውስጥ እንዲገኙ መንገዱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።